«አንብበህ መልስልኝ»፦ የአራዳና የፒያሳ መምህራን የግል ንባብ ታሪክ



በየዓመቱ በዚህ መጽሐፋችን የሚወጣው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሕንፃ፣ የዲኖችና የምረቃ ታሪክ ነው። ተገቢ ነው፤ እሱም መጻፍ አለበት። ዘንድሮ ግን በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ ስላልሰፈረ ነገር ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። አንድ መምህር ሻይ ቤት ውስጥ ባልደረባውን «ይህን አንብበኸዋል?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ያኛውም «ኧረ አላየሁትም፣ የት አገኘኸው?» ሲል የሚጀመረውን ነገር ማለቴ ነው። የሚወራለት መጽሐፍ ለፈተና አይመጣም፣ በኮርስ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ለማዕረግ እድገትም ነጥብ አያስገኝም። ሰው ለራሱ ብሎ የሚያነበው ነው።

ይህ ልማድ በከተማችን ውስጥ አድራሻ ነበረው። ከአራት ኪሎ ተነሥቶ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ፣ ወደ ፒያሳ የሚወጣው መንገድ በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በዚያች አጭር መንገድ ዙሪያ ትምህርት ቤቱም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ መጻሕፍት ቤቱም፣ ቡና ቤቱም ነበሩ። ደመወዝ የተቀበለ መምህር መጽሐፍ ገዝቶ፣ ማኪያቶ አዝዞ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቦ፣ በሳምንቱ ለጓደኛው ለማዋስ ከሰፈሩ መውጣት አያስፈልገውም ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የዚህ ሰፈር መልክ በእጅጉ ተለውጧል። ስለዚህ ልማዱ ከየት እንደ መጣና ምን እንዳተረፈልን፣ የምናስታውሰው ሰዎች ሳናልቅ ብንጽፈው ይበጃል እላለሁ።

መጽሐፉ መምህሩ ውስጥ ሲኖር

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሰው ለሰው የሚጠቁመው መምህር ነበር። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራ ሂድ ይባላል። ድጓ የፈለገ ቤተልሔም፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር ይላካል። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ በሰው ምስክርነት ብቻ የብዙ ቀን መንገድ ይሄዳል። ጠቋሚው ከተሳሳተ የተማሪው ዓመት ባክኖ ይቀራል። ስለዚህ ጥቆማ ቀላል ቃል አልነበረም፤ የኔታ «እገሌ ዘንድ ሂድ» ሲሉ ስማቸውን አስይዘው ነው።

መጽሐፉ ራሱ ብርቅ ነበር። ብራና ለማዘጋጀት ብዙ ፍየል ወይም በግ ይታረዳል፣ ጸሐፊው ወራት ይደክምበታል። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉን የሰረቀውንና ጽሑፉን የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ሰፍሮ የምናገኘውም ለዚህ ነው። «መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፣ የተዋሰውን የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ» እያልን ዛሬ የምንቀልድበት ነገር፣ ለአባቶቻችን ውግዘት የሚጠራ ጉዳይ ነበር።

የኅሩይ ዝርዝር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1908 ለንባባችን ሁለት ነገር የገጠመበት ዓመት ነው። በሮም ከተማ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ታተመ፤ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» በሚል ስም የምናውቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከግብጽ የመጡ ኮፕት መምህራንም ማስተማር ጀመሩ። መጽሐፉ ሮም፣ የወደፊት አንባቢው አዲስ አበባ። በመካከላቸው «እንዲህ ያለ ነገር አለ» ብሎ የሚናገር ሰው ያስፈልግ ነበር።

ይህን ሥራ ከሠሩት ቀዳሚው፣ በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። መርሐቤቴ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት ኅሩይ፣ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን የሚቆጥር ዝርዝር አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት የያዘ ካታሎግ አወጡ። ዛሬ ገልጠን ብናየው ደረቅ ስም ዝርዝር ይመስለን ይሆናል። እስቲ በዚያ ዘመን አንባቢ ቦታ እንቁም፦ በአገሩ ውስጥ ምን መጽሐፍ እንዳለ የሚሰማው በወሬ ነው፤ ብዙው በየገዳሙ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። ያለውን ሁሉ በአንድ ላይ ጽፎ ለማንም አንባቢ ማቅረብ ትልቅ ቸርነት ነበር። እኒሁ ሰው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትንም መርተዋል።

የአቆጣጠር ነገር ሆኖ፣ «1904» የሚለው ቁጥር በእኛ ሙያ ታሪክም ውስጥ አለ። በአውሮፓውያኑ 1904 ካናዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦስለር «ኢኳኒሚታስ» የተባለውን የንግግሮቻቸውን ስብስብ ሲያሳትሙ፣ የሕክምና ተማሪ ከአልጋው አጠገብ ሊያኖራቸው ይገባል ያሏቸውን ዐሥር መጻሕፍት በመጨረሻው ላይ ዘረዘሩ። መጽሐፍ ቅዱስ አለ፣ ሼክስፒር አለ፣ ፕሉታርክና ማርከስ ኦሬሊየስ አሉ፣ ዶን ኪኾቴም አለ። አንድም የሕክምና መማሪያ የለበትም። ከመተኛታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡት፣ ነው ምክራቸው። ኦስለርና ኅሩይ አይተዋወቁም፤ ሁለቱም ግን የሚያነቡትን ለሌላ ሰው ማሳወቅ የሥራቸው አካል ነው ብለው ያመኑ ሰዎች ናቸው።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የተሰየመው ጋዜጣም በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። በዚያው በ1917 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። አንባቢው እየበዛ ሳለ የኢጣሊያ ወረራ መጣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረ ሰው እየተለየ ተገደለ። ኅሩይም እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ አገር በስደት ላይ እንዳሉ አረፉ። ያ ትውልድ ያነበበውን ለተከታዩ በቃሉ ሳያስተላልፍ አለቀ ማለት ይቻላል። ከነጻነት በኋላ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።

በድልድዩ ወዲያና ወዲህ

«ፒያሳ» የሚለው ስም ራሱ ከዚያ ወረራ የተረፈን ነው። የሰፈሩ የዌቭልና የከኒንግሃም መንገዶች ደግሞ በእንግሊዝ ጄኔራሎች ስም ተጠሩ። የድሮው የአራዳ ገበያ ወደ መርካቶ ከሄደ በኋላ ቦታውን የያዙት የግሪክ፣ የአርመን፣ የኢጣሊያና የሕንድ ሱቆች፣ ሲኒማ ቤቶችና ኬክ ቤቶች ነበሩ። ከነሱም መካከል መጻሕፍት ቤቶች ነበሩ፤ የግሪካዊው የጃኖፑሎስ መጻሕፍት ቤት በዚያ ዘመን ተማሪና መምህር በነበሩ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል።

በድልድዩ ወዲያ ማዶ፣ አራት ኪሎ ላይ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ሥራ ጀመረ። አደራጁና መሪው ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። የፖላንድ ተወላጁ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ መሰብሰብ ያዙ። እሳቸው የሰበሰቡት በ1955 ዓ.ም. ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት መሠረት ሆነ። ዛሬ ስድስት ኪሎ ሄደን የምንገለብጠው መጽሐፍ፣ አንድ ሰው «ይህ ይጠቅማል» ብሎ በጊዜው ስላስቀመጠው የቆየን ነው።

መምህራኑም ከየአገሩ የመጡ ስለነበሩ ጥቆማውም ከየአገሩ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን የተላከላቸው አንድ ነገር ለዚህ ታሪክ ይጠቅመናል። በወረቀት ሽፋን የታተሙ ልብ ወለዶችን፣ የታሪክና የሳይንስ መጻሕፍትን የያዘ የመጻሕፍት ሣጥን። ለመምህሩ የብቸኝነት ማስረሻ ተብሎ የተላከው ሣጥን የትምህርት ቤቱ ሁሉ መጽሐፍ ሆነ። ኢትዮጵያውያኑ መምህራን በተራቸው የአገር ቤቱን ይሰጣሉ፦ በወጣትነታቸው መምህር የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያወጡ፣ በመምህራን ክፍል ውስጥ ያላነበበ ሰው ወሬው ውስጥ መግባት አይችልም ነበር ብለው ያጫወቱኝ አንጋፋ መምህራን ብዙ ናቸው።

የዚያ ዓለም ልጅ የሆኑ አንድ የሙያ ወንድማችን አሉ። ዶክተር አብርሃም ቨርጊስ እ.ኤ.አ. በ1955 አዲስ አበባ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ። የሕክምና ትምህርታቸውንም እዚሁ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጀምረው፣ በአብዮቱ ምክንያት አቋርጠው ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት «ከቲንግ ፎር ስቶን» የተባለ ልብ ወለድ አዲስ አበባንና ሐኪሞቿን ለዓለም አንባቢ አስተዋወቀ። ወደ ሕክምና የመራቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ደጋግመው የሚያነሡት የሶመርሴት ሞምን «ኦፍ ሂዩማን ቦንዴጅ» ነው። ልብ ወለድ ነው እንግዲህ፤ ባዮሎጂ አይደለም። በመምህራን ቤት ያደገ ልጅ እጅ የገባ አንድ መጽሐፍ የት ድረስ እንደሚሄድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ

በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪውም መምህሩም በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። በሻንጣ ውስጥ የገባችው መጽሐፍ በየጣቢያው ዞረች። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። በ1969 ዓ.ም. በከተማው የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ፣ መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ የሞት ማስረጃ ሊሆን ይችል ነበር። ሰው መጽሐፉን በሌሊት አቃጠለ፣ ጓሮ ቆፍሮ ቀበረ። «ምን እያነበብክ ነው?» የሚለው የወዳጅነት ጥያቄ የመርማሪ ጥያቄ ሆነ። በዚያ ጊዜ መጽሐፍ መጠቆም የሚቻለው ነፍስህን ለምታምነው ሰው ብቻ ነበር።

የሚፈቀደውም በሽ ነበር፤ ከሞስኮ የሚመጡት መጻሕፍት ዋጋቸው ርካሽ፣ ሽፋናቸው ጠንካራ ነው። የጎርኪ «እናት»ም በአማርኛ ተነበበ። ሰው ግን በጆሮ የሚነገረውን ይፈልግ ነበር። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በየካቲት 1976 ደራሲው የት እንደ ደረሱ ሳይታወቅ ቀሩ። ከስብሰባው ያመለጠው ቅጂ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከቤት ቤት ዞረ። መጽሐፉ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ሲወጣ፣ እዚያ ድረስ ያቆየው ያ በድብቅ የተዋሰ አንባቢ ነው።

በዚሁ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እስረኞቹ እጅ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»። ነቢይ መኮንን እንግሊዝኛ ለማይችሉት እስረኞች በአማርኛ ተረጎመው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፤ ቁርጥራጩ ወደ 3,000 ይደርሳል። ከእስር ቤቱም በስውር ወጥቶ ከዓመታት በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ጥሩ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ለሌላው ሳያካፍል ማደር ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። ነቢይ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ማዕረግ መምህር ነበር።

ሽፋኑ ውስጥ ያሉ ስሞች

እኛ በ1990ዎቹ አራት ኪሎ ስንገባ ፍርሃቱ አልፎ ነበር። አደባባዩ ዙሪያ ጋዜጣ በሳንቲም የሚያከራዩ ልጆች ነበሩ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ አንብበህ ትመልሳለህ። መጽሐፍ አዟሪው እስከ አገጩ የከመረውን ይዞ በየካፌው ይዞራል። ፒያሳ ሜጋ አለ፣ ቡክ ወርልድ አለ። ከሰፈሩ የማይጠፉት ጋሽ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም ከበው ለሚቀመጡ ወጣቶች ስላነበቡት ያወጋሉ፤ በአዲስ ዘመን ላይ «እግረ መንገድ» በተባለው ዓምዳቸውም ላልደረሰው ያደርሳሉ።

የእኔ ድርሻ የመጣው ግን ዘግየት ብሎ፣ በተለማማጅ ሐኪምነቴ ዓመት ነው። አንዲት ወጣት እናት በተረኛነቴ ሌሊት አረፈች። የተቻለው ሁሉ ተደርጎላት ነበር። በማግስቱ ዙር ላይ ቁጥር ስጠየቅ ቁጥር መለስኩ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልነበረኝም። አንጋፋው መምህራችን ምንም አላሉኝም። በሦስተኛው ቀን ቢሯቸው አስጠሩኝና በካኪ ወረቀት የተጠቀለለ ስስ መጽሐፍ ሰጡኝ።

«ለፈተና ነው ዶክተር?» አልኳቸው።

«አይደለም። ለአንቺ ነው። አንብበሽ መልሽልኝ።»

የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» ነበር፣ በእንግሊዝኛ። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ አጭር ልብ ወለድ ነው። የታመመው ዳኛ ለሐኪሞቹ «ያሠጋኛል ወይ?» ይላቸዋል፤ እነሱ ስለ ኩላሊትና ስለ ትርፍ አንጀት ያወሩለታል። እግሩን ትከሻው ላይ ደግፎ የሚያሳርፈው፣ እውነቱንም የማይደብቀው ጌራሲም የሚባል አገልጋይ ብቻ ነው። በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ በሽተኛ ሲጠይቀኝ የትኛውን ጥያቄ እየጠየቀኝ እንደሆነ ለመስማት እሞክራለሁ። የትኛውም የክሊኒክ መመሪያ ይህን አላስተማረኝም።

ለታሪክ ስል የምነግራችሁ ግን የመጽሐፉን የውስጥ ሽፋን ነው። ደብዘዝ ያለ የፒያሳ መጻሕፍት ቤት ማኅተም አለበት። ከሥሩ ስምና ዓመት፦ የመጀመሪያው 1961 ነው፣ በፈረንጅ እጅ ጽሕፈት። ቀጥሎ በአማርኛ 1965። ከዚያ እስከ 1972 ማንም የለም፤ ያ ባዶ ቦታ ለምን ባዶ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከ1972 በኋላ ሦስት መምህራን፣ በመጨረሻ የእኔው መምህር። ቀረብ ብሎ ላየው የአንድ ሙያ ሰዎች ከአርባ ዓመት በላይ ያደረጉት ውይይት ነው። መጽሐፉን ስመልስ መምህሬ እስክሪብቶ አቀበሉኝና «አንቺም ጻፊ» አሉኝ። ጡረታ ሲወጡም እኔው እንድይዘው አደራ አሉኝ።

ዛሬስ?

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነዋሪውም ሱቁም ወደየአቅጣጫው ሄደ። በዚያው ዓመት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፈተ፣ መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ። አራት ኪሎ ላይ ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ወጣቱ ጠዋት በር ላይ ሲሰለፍ ማየት ደስ ያሰኛል። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በልቅሶ መጻፍ አልፈልግም። መጽሐፍ ዛሬ ከመቼውም በላይ ቅርብ ነው። በስልካችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ በአንድ ቀን የሚላከው ፒዲኤፍ፣ የድሮ መምህር በዓመት ከሚያገኘው ይበልጣል።

የቀነሰው ሌላ ነገር ነው። መምህሩ መጽሐፉን ሲያውስ ገንዘቡን፣ አንዳንዴም ደኅንነቱን አስይዞ ነው የሚያውሰው። ተዋሹም ስለሚያውቀው ያነባል፣ ሲመልስም አንድ ነገር መናገር ይኖርበታል። ፋይል ሲላክ ማንም ምንም አይዝም፤ «አመሰግናለሁ» ተብሎ ይታለፋል። የሥራው ጫና፣ የኑሮው ውድነት፣ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሩጫው ደግሞ አለ። ከባልደረቦቼ ጋር በቀን ዐሥር ጊዜ እንነጋገራለን፤ ስለ ታማሚ፣ ስለ ተረኛነት፣ ስለ ቤት ኪራይ። «ሰሞኑን ለራስሽ ምን እያነበብሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ካገኘሁ ግን ወራት ያልፋሉ። ወጣቶቹ ሐኪሞች በየሌሊቱ የሚያዩትን ይዘው ብቻቸውን ወደ ቤት ይሄዳሉ። አንድ መምህር የሚሰጣቸው መጽሐፍ ያን ሁሉ አይፈታም። ሰው ከእነሱ በፊት እዚያው ቦታ ቆሞ እንደ ነበር ግን ይነግራቸዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፣ በጀት የማይጠይቅ። በሚቀጥለው የመገናኛ ቀናችን እያንዳንዳችን ከሙያችን ውጭ የሆነ፣ አንብበን የወደድነውን አንድ መጽሐፍ ይዘን እንምጣ። አዲስ መሆን የለበትም፤ እንዲያውም የተነበበ ቢሆን ይሻላል። በውስጥ ሽፋኑ ላይ ስማችንን፣ የተመረቅንበትን ዓመትና ለምን እንደወደድነው አንድ መስመር እንጻፍ። በሥራ ላይ ያሉ መምህራን ከጠረጴዛው ላይ የፈለጉትን ያንሡ፣ አንብበውም ስማቸውን ጨምረው ለአንድ ወጣት መምህር ወይም ሬዚደንት ያስተላልፉ። ዓመት ቆይተን የት እንደ ደረሱ እንጠያየቅ።

የእኔን አስቀድሜ ላስመዝግብ፤ ያው በካኪ ወረቀት የተጠቀለለው ስስ መጽሐፍ ነው፣ ከነማኅተሙ። አደራ ከባድ ስለሆነ ትንሽ ጨንቆኛል፤ ይሁንና መሳቢያዬ ውስጥ ከሚያረጅ ይዙር። የወሰደው ሰው ባይመልሰውም አላወግዘውም። ስሙን ብቻ ይጻፍበት።